የማይሸጠው ፎቶ፦ የስቶክ ፎቶግራፍ ገቢ ከየት ይመጣል?

በጥር 1996 ቻርልስ ኦሪር የተባለ አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ በካሊፎርኒያ ሶኖማ አካባቢ መኪና እየነዳ ሲያልፍ፣ ዝናብ ያጠገበው አረንጓዴ ኮረብታና በላዩ የተበታተነው ነጭ ደመና ዓይኑን ያዘው። መኪናውን ዳር አቁሞ በፊልም ካሜራው ጥቂት ጊዜ አነሳና ምስሉን ለአንድ የፎቶ ኤጀንሲ ሰጠው። ማይክሮሶፍት በ2000 የምስሉን ሙሉ መብት ገዛ፤ በቀጣዩ ዓመት ዊንዶውስ ኤክስፒ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ሲወጣ ያ ኮረብታ የስክሪኑ ዳራ ሆኖ ኮምፒውተር በከፈተ ሰው ሁሉ ፊት ተዘረጋ። የተከፈለው ገንዘብ በምስጢር እንዲያዝ ስለተፈረመበት መጠኑ ይፋ አልሆነም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፎቶ በኢንተርኔት ሸጦ ገንዘብ ስለማግኘት ሲወራ የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደዚህ ዓይነቱ ታሪክ ነው፤ አንድ የተሳካ ፎቶ፣ አንድ ትልቅ ገዢ፣ አንድ ትልቅ ክፍያ። «ስልክህ ውስጥ የተኙት ፎቶዎች በዶላር ይሸጣሉ» የሚሉ ቪዲዮዎችም ይህንኑ ግምት ያጠናክራሉ። የዛሬው ገበያ አሠራር ግን የኦሪር ታሪክ ተገላቢጦሽ ነው። ፎቶው አይሸጥም፣ ገዢው ብዙ ነው፣ እያንዳንዱ ክፍያም ብዙ ጊዜ ከአንድ ዶላር በታች ነው። ይህ ለማን ገቢ እንደሚሆን፣ ለማንስ እንደማይሆን ለመረዳት አሠራሩን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል።

## ስቶክ ፎቶ ሲባል ምን ማለት ነው?

ስቶክ ማለት ክምችት ነው። ነጋዴ ገዢ ከመምጣቱ በፊት ዕቃውን መጋዘን እንደሚያስገባ ሁሉ፣ ስቶክ ፎቶም ማን እንደሚጠቀምበት ሳይታወቅ አስቀድሞ ተነስቶ የተቀመጠ ፎቶ ነው። በትእዛዝ የሚሠራ ፎቶ አንሺ ደንበኛውን አስቀድሞ ያውቀዋል፣ ዋጋውንም ተነጋግሮ ይወስናል። በስቶክ ግን ፎቶው ይቀድማል፣ ደንበኛው በኋላ ይመጣል፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይመጣም። ስለ ደም ግፊት ብሮሹር የሚያዘጋጅ ሆስፒታል፣ የመማሪያ መጽሐፍ አሳታሚ፣ ስለ ቁጠባ ማስታወቂያ የሚያሠራ ባንክ፣ ድረ ገጹን የሚያድስ አነስተኛ ድርጅት፣ እነዚህ ሁሉ ባለሙያ ቀጥረው አዲስ ፎቶ ከማስነሳት ይልቅ ከክምችቱ መርጠው መውሰዱ ይቀላቸዋል፣ ይረክስላቸዋልም።

ሥራው ኢንተርኔት የወለደው አይደለም። ኤች አርምስትሮንግ ሮበርትስ በ1920 በአሜሪካ ያቋቋመው ኤጀንሲ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ኦቶ ቤትማን ደግሞ በ1935 ከናዚ ጀርመን ሲሰደድ በሻንጣ ሞልቶ ያወጣቸውን ምስሎች ይዞ ኒው ዮርክ ገባና በስሙ የሚጠራውን ትልቅ የምስል ክምችት መሠረተ። በዚያ ዘመን የመጽሔት አዘጋጁ ስልክ ይደውላል፣ የኤጀንሲው ሠራተኛ ከመሳቢያ ውስጥ ፊልም ፈልጎ ይልካል፣ ለአንድ ጊዜ አጠቃቀም ብቻ የሚከፈለውም በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ሊሆን ይችላል። አቅራቢዎቹም ጥቂት ባለሙያዎች ነበሩ።

ይህን የቀየሩት በተለይ ሁለት ሰዎች ናቸው። ብሩስ ሊቪንግስተን በ2000 በካናዳ ካልጋሪ ከተማ አይስቶክፎቶ የተባለውን ድረ ገጽ ሲከፍት ዲዛይነሮች ፎቶ በነጻ የሚለዋወጡበት መድረክ ነበር፤ ወጪው ሲበዛ ጥቂት ሴንት ማስከፈል ጀመረ። ጆን ኦሪንገር ደግሞ በ2003 ራሱ ያነሳቸውን ወደ 30,000 የሚጠጉ ፎቶዎች ጭኖ ሻተርስቶክን አቋቋመ፤ ደንበኛው በየወሩ ቁርጥ ያለ ክፍያ እየከፈለ ብዙ ፎቶ የሚያወርድበትን አሠራርም አስፋፋ። ዲጂታል ካሜራ የያዘ ሁሉ አቅራቢ የሚሆንበት፣ ዋጋው ግን እጅግ ያነሰው ይህ ገበያ «ማይክሮስቶክ» ተባለ። አንድ ጀማሪ ዛሬ የሚገባበት ገበያ ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ድርጅቶቹ እርስ በርስ ተገዛዝተዋል። ጌቲ ኢሜጅስ የተባለው ትልቅ የፎቶ ኤጀንሲ በ2006 አይስቶክፎቶን በ50 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ የፎቶሾፕ ሠሪው አዶቢ ፎቶሊያ የተባለውን ኤጀንሲ ጠቅልሎ በ2015 አዶቢ ስቶክን ጀመረ፤ በጥር 2025 ደግሞ ጌቲና ሻተርስቶክ ለመዋሃድ መስማማታቸውን አስታወቁ። ለአቅራቢው የዚህ ትርጉም ቀላል ነው፦ ድረ ገጾቹ ብዙ ቢመስሉም ክፍያውን የሚወስኑት እጆች ጥቂት ናቸው፤ ከእነሱ ጋር በዋጋ መደራደርም አይቻልም።

## ፎቶው ካልተሸጠ ታዲያ የሚሸጠው ምንድን ነው?

የሚሸጠው ፈቃድ ነው። ፎቶ ያነሳው ሰው የቅጂ መብቱ ባለቤት ሆኖ ይቀጥላል፤ ኤጀንሲው በእሱ ስም ለገዢዎች የመጠቀም ፈቃድ ይሰጣል፣ ከገቢውም ድርሻውን ያካፍለዋል። ይህ ድርሻ «ሮያሊቲ» ይባላል። ነገሩን ከቤት ኪራይ ጋር ማመሳሰል ይቻላል፤ አከራዩ ቤቱን አልሸጠም፣ ተከራዩም የቤቱ ባለቤት አልሆነም። ልዩነቱ ቤት በአንድ ጊዜ አንድ ተከራይ ብቻ ሲኖረው ፎቶ ግን በአንድ ቀን ሺህ ተከራይ ሊኖረው መቻሉ ነው። በዝቅተኛ ዋጋ መከራየቱ ትርጉም የሚኖረውም በዚህ ምክንያት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት አንድ ስያሜ አለ። በአብዛኞቹ ድረ ገጾች ፎቶዎቹ የሚቀርቡት «ሮያሊቲ ፍሪ» በሚባል ፈቃድ ሲሆን፣ ይህን ያየ ሰው ፎቶው በነጻ የሚሰጥ ይመስለዋል። ስያሜው የሚለው ገዢው አንድ ጊዜ ከከፈለ በኋላ በተጠቀመበት ቁጥር ደጋግሞ አይከፍልም ነው እንጂ መጀመሪያውኑ አይከፍልም አይደለም። አንድ ድርጅት ፎቶውን ዛሬ ለድረ ገጹ፣ ከሦስት ዓመት በኋላም ለፖስተር ቢጠቀምበት የሚከፍለው አንዴ ነው። የቀድሞው አሠራር ግን «ራይትስ ማኔጅድ» የሚባለው ነበር፤ በእሱ ዋጋው የሚወሰነው ፎቶው የት አገር፣ ለስንት ጊዜ፣ በምን ያህል ቅጂ፣ በምን መጠን እንደሚወጣ ተጠይቆ ነው። ጌቲ ከዜናና ከታሪክ ምስሎች ውጭ ባሉት ፎቶዎቹ ላይ ይህን አሠራር ለማቆም በ2019 መጨረሻ ከወሰነ ወዲህ የሮያሊቲ ፍሪ የበላይነት ጸንቷል።

ተራው ፈቃድ ገደብ አለው። በትልልቆቹ ኤጀንሲዎች ዘንድ የተለመደው የኅትመት ጣሪያ 500,000 ቅጂ ነው፤ ከዚያ በላይ ለማተም፣ ወይም ፎቶውን በቲሸርትና በስኒ ላይ አትሞ ራሱን ሸቀጥ አድርጎ ለመሸጥ ገዢው ከፍ ያለ ዋጋ ያለው «የተራዘመ ፈቃድ» መግዛት አለበት። አቅራቢው አልፎ አልፎ በሂሳቡ ላይ ከሌሎቹ ረዘም ያለ ቁጥር ሲያይ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይህ ነው።

## ከአንድ ፎቶ ስንት ይገኛል?

ለዚህ ጥያቄ አንድ ቁጥር መመለስ አይቻልም፤ የሚቻለው ቁጥሩ እንዴት እንደሚወጣ ማሳየት ነው። አዶቢ ስቶክ ደንበኛው ለፎቶው ከከፈለው 33 በመቶውን ለአቅራቢው ይሰጣል። አይስቶክ (የቀድሞው አይስቶክፎቶ) ለእሱ ብቻ ለማቅረብ ውል ላልገባ ፎቶ አንሺ 15 በመቶ ይከፍላል። ሻተርስቶክ ከሰኔ 2020 ጀምሮ የሚሠራበት ሥርዓት ደረጃዎች አሉት፤ በዓመቱ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ 100 ፎቶዎች እስኪወርዱ ድርሻው 15 በመቶ ነው፣ ከዚያ 20፣ ቀጥሎ 25 እያለ ከ25,000 በላይ ለወረደለት ሰው 40 በመቶ ይደርሳል። ነገር ግን በየዓመቱ ጥር 1 ቀን ሁሉም ወደ 15 በመቶ ይመለሳል። ደረጃ በደረጃ የተወጣው መሰላል በአዲስ ዓመት ዋዜማ ተነጥቆ እንደገና ከታች ይጀመራል ማለት ነው፤ ለውጡ በተደረገበት ጊዜ ብዙ አቅራቢዎች ፎቶዎቻቸውን ከገበያ እስከማውጣት የደረሱት በዚህ ተበሳጭተው ነበር።

ፐርሰንቱ ግን የታሪኩ ግማሽ ብቻ ነው፤ «የስንት 15 በመቶ?» የሚለው ጥያቄ ይቀራል። ለምሳሌ ያህል አንድ ደንበኛ በወር 30 ዶላር ከፍሎ 10 ፎቶ የሚያወርድበት ጥቅል ቢገዛ የአንዱ ፎቶ ዋጋ 3 ዶላር ይሆናል፣ 15 በመቶውም 45 ሴንት ነው። ሌላው ደንበኛ በወር 200 ዶላር ከፍሎ 750 ፎቶ የሚያወርድ ቢሆን ግን የአንዱ ዋጋ ወደ 27 ሴንት ይወርድና 15 በመቶው 4 ሴንት ይሆናል። ሻተርስቶክ ከ10 ሴንት በታች ላለመክፈል ወለል ስላስቀመጠ አቅራቢው የሚያገኘው 10 ሴንት ነው። ያው አንድ ፎቶ፣ በዚያው አንድ ቀን፣ ማን እንዳወረደው ብቻ በማየት 10 ሴንትም 45 ሴንትም ያስገኛል። አቅራቢው ይህን አይመርጥም፣ አስቀድሞም አያውቅም።

አሁን ቁጥሮቹን እናብዛ። አንድ ሰው 1,000 ፎቶዎች አሉት እንበል፤ እያንዳንዱ ፎቶ በአማካይ በዓመት ሁለት ጊዜ ቢወርድና በየጊዜው 30 ሴንት ቢያስገኝ ዓመታዊ ገቢው 600 ዶላር፣ ወርሃዊው 50 ዶላር ይሆናል። አንዱን ፎቶ ለማንሳት፣ ለማስተካከል፣ ርዕስና ቁልፍ ቃል ለመጻፍ 15 ደቂቃ ብቻ ፈጅቷል ብንል እንኳ ለ1,000 ፎቶ 250 የሥራ ሰዓት ወጥቷል። እነዚህ ቁጥሮች የስሌቱን መልክ ለማሳየት የተቀመጡ እንጂ የገበያው አማካይ አይደሉም። እውነተኛው ሥርጭት ደግሞ ከዚህም ያልተስተካከለ ነው፤ ከመቶ ፎቶ ጥቂቶቹ ደጋግመው ሲወርዱ ብዙዎቹ አንድ ጊዜም ሳይነኩ ይቀመጣሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ እዚህ ግን ከታቀፉት እንቁላሎች ውስጥ የትኛው እንደሚፈለፈል የሚያውቅ የለም።

«ተኝቶ የሚገኝ ገንዘብ» የሚለው አባባል ግማሽ እውነትነት ያለው በዚህ መልኩ ነው። ዛሬ የተጫነ ፎቶ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ባለቤቱ በተኛበት ሰዓት ሊወርድ ይችላል። ሆኖም ሥራው አልቀረም፣ ቀድሞ ተሠርቶ ነው። መጫን ሲቆም ገቢው ወዲያው አይደርቅም፤ ግን በየቀኑ አዲስ ምስል በሚጎርፍበት ክምችት ውስጥ አሮጌው ፎቶ በፍለጋ ውጤቱ ወደ ታች እየሰመጠ ይሄዳል። በፎቶው ላይ ያለው ስልክ ሞዴሉ ሲያረጅም ፎቶው አብሮት ያረጃል።

## ገዢው የሚፈልገው ምን ዓይነት ፎቶ ነው?

ጀማሪው ብዙ ጊዜ የሚጭነው በጣም የሚወደውን ፎቶ ነው፤ የፀሐይ መጥለቂያ፣ አበባ፣ ድመት። ፎቶዎቹ ያምሩ ይሆናል፤ ግን ተመሳሳያቸው በሚሊዮን ተቆልሏል፣ ገዢውም የሚመጣው የሚያምር ነገር ፍለጋ ሳይሆን ሊሞላው የሚገባ ባዶ ቦታ ይዞ ነው። ስለ ጡረታ የተጻፈ ጽሑፍ አለው፣ ነገ ጠዋት መውጣት አለበት፣ በላዩ የሚሄድ ምስል ይፈልጋል። ስለዚህ የሚሸጠው ፎቶ መልስ የሚሆን ፎቶ ነው።

አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንይ። በጠረጴዛ ላይ አንድ የሒሳብ ማሽን፣ የተከፈለበት ደረሰኝ ክምርና እስክሪብቶ አለ እንበል። ከላይ ወደ ታች፣ ዕቃዎቹ ፍሬሙን ሞልተው ቢነሱ የዕቃ ፎቶ ነው። እዚያው ጠረጴዛ ላይ አንዲት ሴት መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ፣ አንድ ደረሰኝ በሁለት ጣቷ ይዛ ስታይ፣ እሷ በፍሬሙ ቀኝ አንድ ሦስተኛ ላይ ሆና ግራው ደብዘዝ ያለ ግድግዳ ቢሆን ግን «የቤት ወጪ»፣ «የዕዳ ጭንቀት»፣ «ግብር»፣ «በጀት» የሚሉ አርእስቶች ሁሉ ሊጠቀሙበት የሚችሉ ፎቶ ይሆናል። በግራ የተተወው ባዶ ግድግዳ የቅንብር ስህተት አይደለም። ዲዛይነሩ ጽሑፉን የሚያሰፍርበት ቦታ ነው፤ የዚህ ሥራ ሰዎች «ኮፒ ስፔስ» ይሉታል። የጥበብ ፎቶ አንሺን የሚያስከፋው ባዶነት እዚህ ገበያ ላይ ዋጋ አለው።

ፎቶው ካልተገኘ ደግሞ የለም ማለት ነው። ገዢ ምስሉን የሚያገኘው በቃል ፈልጎ ስለሆነ እያንዳንዱ ፎቶ ከርዕስና ከቁልፍ ቃላት ጋር ይጫናል፤ ሻተርስቶክ እስከ 50፣ አዶቢ እስከ 49 ቁልፍ ቃል ይቀበላሉ። አዶቢ ቅደም ተከተሉንም ስለሚያይ ዋናዎቹን ቃላት ከፊት ማስቀመጥ ይጠቅማል። ከላይ ለተጠቀሰው ፎቶ «ሴት»፣ «ደረሰኝ»፣ «ጠረጴዛ» ብቻ ብሎ ማለፍ የሚታየውን መቁጠር ነው፤ «ጭንቀት»፣ «ወጪ»፣ «የቤተሰብ በጀት»፣ «መክፈል» የሚሉት ግን የገዢውን ሐሳብ ይይዛሉ። በአንጻሩ ብዙ ሰው ስለሚፈልገው ብቻ ከፎቶው ጋር የማይገናኝ ቃል መጨመር ኤጀንሲዎቹ የሚቀጡበት ጥፋት ነው። በእውነቱ ይህ የጽሕፈት ሥራ ከማንሳቱ ይልቅ አሰልቺ ነው፤ ብዙዎች የሚያቋርጡትም እዚህ ጋ ነው።

## ፎቶ ለምን ውድቅ ይደረጋል?

የተጫነ ፎቶ ሁሉ ለገበያ አይቀርብም፤ በመጀመሪያ ይመረመራል። ትልልቆቹ ኤጀንሲዎች ቢያንስ 4 ሜጋፒክስል ያለው የጄፔግ ፋይል ይጠይቃሉ፤ ይህን የዛሬ ስልኮች በቀላሉ ስለሚያልፉት ችግሩ መጠኑ ላይ አይደለም። በስልክ ስክሪን ጥርት ብሎ የታየው ፎቶ በኮምፒውተር ላይ በሙሉ መጠኑ ሲከፈት ጥላው ውስጥ የተበተነ ነጠብጣብ (ኖይዝ የሚባለው) ይታያል፣ ፎከሱም በተነሳው ሰው ዓይን ላይ ሳይሆን ጆሮው ላይ አርፎ ይገኛል። ከመጫን በፊት እያንዳንዱን ፎቶ በሙሉ መጠኑ ከጥግ እስከ ጥግ ማየት የሚመከረው ለዚህ ነው። ሌላው የተለመደ ምክንያት ተመሳሳይነት ነው፤ ከአንድ ቦታ ቆሞ የተነሱ 20 ፎቶዎችን በአንድ ላይ መላክ ሁለቱን ብቻ የማሳለፍ ያህል ነው።

ከጥራቱ የበለጠ የሚያስደንቀው ግን የመብት ጉዳይ ነው። በሸሚዝ ኪስ ላይ የተጠለፈች ትንሽ የስፖርት ልብስ ምልክት፣ በላፕቶፕ ጀርባ ያለ አርማ፣ ከጀርባ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ የሌላ ሰው ሥዕል፣ እያንዳንዳቸው ፎቶውን ለንግድ ከመዋል ያግዱታል። ምክንያቱም የንግድ ምልክቱም ሆነ ሥዕሉ ባለቤት አለው፣ ፎቶ አንሺውም ያልያዘውን መብት ሊያከራይ አይችልም። የኤፍል ማማ የታወቀ ምሳሌ ነው። ማማውን ያሠራው ጉስታቭ ኤፍል በ1923 ስለሞተ በሕንፃው ላይ የነበረው የቅጂ መብት ዘመን አልፏል፣ በቀን የተነሳ ፎቶውም ለንግድ ሊውል ይችላል። ማታ ማታ የሚያሸበርቀው የመብራት ንድፍ ግን ራሱን የቻለ የፈጠራ ሥራ ተደርጎ ስለሚጠበቅ የሌሊቱን ፎቶ ያለ ፈቃድ ለንግድ ማቅረብ አይቻልም።

## በፎቶው ላይ ያለው ሰውስ ምን ይላል?

ፊቱ የሚለይ ሰው ያለበት ፎቶ ለማስታወቂያ እንዲውል ያ ሰው በጽሑፍ መስማማት አለበት። የስምምነቱ ፎርም «ሞዴል ሪሊዝ» ይባላል፤ ሰውየው፣ ፎቶ አንሺውና እንደ ኤጀንሲው ደንብ ምስክር ይፈርሙበታል። ለሕፃን ልጅ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይፈርማል። ፎቶ አንሺው ራሱን ቢያነሳ እንኳ ፎርሙን ለራሱ መሙላት ይጠበቅበታል፤ አስቂኝ ይምሰል እንጂ መዝገቡ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ለየት ላለ የግል ሕንፃ ወይም የቤት ውስጥ ቦታም ከባለቤቱ ተመሳሳይ ፊርማ ያስፈልጋል።

ፊርማው የወረቀት ወግ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። አንድራሽ አራቶ የተባሉ ጡረተኛ የሃንጋሪ መሐንዲስ ለስቶክ ፎቶ ሞዴል ለመሆን ተስማምተው ተነሱ፤ ፊታቸው በየድረ ገጹ አንዴ እንደ ሐኪም አንዴ እንደ ሌላ ባለሙያ ሆኖ ወጣ፣ ከዚያም ሕመሙን በፈገግታ የሚሸፍን ሰው ተብሎ በዓለም ዙሪያ የቀልድ ምስል ሆነ። እሳቸው ውሎ አድሮ ነገሩን በጸጋ ተቀብለው ታዋቂነታቸውን ተጠቀሙበት። ሌላ ሰው ላይወደው ይችላል። ጓደኛን ወይም ዘመድን ለማስፈረም የሚያስብ ሁሉ ፎቶው ማን እጅ እንደሚገባ እሱም እንደማያውቅ፣ መልሶ መሰብሰብም እንደማይችል ከፊርማው በፊት ቁጭ ብሎ ሊነግራቸው ይገባል።

ስምምነት የሌለበት ፎቶ ጨርሶ አይጠቅምም ማለት ግን አይደለም። ሰልፍ፣ የሕዝብ በዓል፣ የስፖርት ውድድር፣ አርማው የሚታይ ሕንፃ «ኤዲቶሪያል» በሚባለው ዘርፍ ሊቀርብ ይችላል። ይህ ማለት ጋዜጣ፣ መጽሔት ወይም የመማሪያ መጽሐፍ አንድን እውነተኛ ሁኔታ ለማሳየት ይጠቀምበታል፣ ማስታወቂያ ግን አይሠራበትም። በዚህ ዘርፍ የት፣ መቼ፣ ምን እንደተነሳ በትክክል መጻፍ ግዴታ ሲሆን፣ ምስሉ ውስጥ ያለን ነገር ማጥፋት ወይም መጨመር ክልክል ነው።

## ሰው ሠራሽ አስተውሎት ገበያውን ምን አደረገው?

ነገሩ ሁለት ፊት አለው። አንደኛው ፉክክር ነው፤ «በቢሮ ውስጥ የሚጨባበጡ ሁለት ሰዎች» የሚል ፎቶ የሚያስፈልገው ዲዛይነር ዛሬ ዓረፍተ ነገሩን ጽፎ ምስሉን ከማሽን ሊያገኝ ይችላል። ይህ የሚመታው በተለይ የትም ሊሆን የሚችለውን፣ ማንም ሊሆን የሚችለውን ፎቶ ነው። አንድ የተወሰነ ቦታ፣ አንድ የተወሰነ ክስተት፣ እውነተኛ የሥራ እጅ የሚያሳይ ፎቶ ግን በዚህ መልክ አይተካም፤ ማሽኑ በቦታው አልነበረምና። ኤጀንሲዎቹም አቋማቸው የተለያየ ነው፦ አዶቢ ስቶክ በማሽን የተሠራ መሆኑ ተገልጾ እስከቀረበ ድረስ ይቀበላል፣ ጌቲና ሻተርስቶክ ግን ከአቅራቢዎች አይቀበሉም።

ሁለተኛው ፊት የስቶክ ክምችቶቹ ራሳቸው የማሽኖቹ መማሪያ መሆናቸው ነው። አዶቢ በመጋቢት 2023 ያስተዋወቀውን ፋየርፍላይ የተባለ ምስል ፈጣሪ ማሽን ያሠለጠነው በዋናነት በአዶቢ ስቶክ ምስሎች ሲሆን፣ ለአቅራቢዎቹ የተለየ ጉርሻ ከፍሏል። ሻተርስቶክም ምስሎቹ ለሥልጠና ሲውሉ ለባለቤቶቹ የሚከፋፈል ፈንድ አቋቁሟል፤ አቅራቢው በዚህ መሳተፍ ካልፈለገ በሂሳቡ ማስተካከያ ውስጥ መውጫ አለው። ጌቲ በበኩሉ ምስሎቼን ያለ ፈቃድ ተጠቅሟል ሲል ምስል ፈጣሪ ማሽን የሚሠራውን ስታቢሊቲ ኤአይ የተባለ ድርጅት በ2023 ከስሷል። ለአንድ ግለሰብ ከዚህ የሚደርሰው ክፍያ ትንሽ ነው፤ ሆኖም ውሉን ሳያነቡ «እስማማለሁ» የሚለውን መጫን ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አይገኝም።

## ገንዘቡ እጅ የሚገባው እንዴት ነው?

ሳንቲሞቹ ወዲያው አይከፈሉም፤ እስከ አንድ ዝቅተኛ መጠን ይጠራቀማሉ። በአዶቢ ስቶክ ይህ መጠን 25 ዶላር ነው። ከላይ በተሰላው ዓይነት ክፍያ 25 ዶላር ለመሙላት ብዙ አሥር ማውረዶች እንደሚያስፈልጉ ልብ ይሏል። ክፍያው የሚላከው ብዙ ጊዜ ፔይፓል ወይም ፔዮኒር በተባሉ የኢንተርኔት ገንዘብ ማስተላለፊያዎች ስለሆነ፣ እነዚህ አገልግሎቶች በሚኖሩበት አገር ገንዘብ ለመቀበል የሚሠሩ መሆናቸውን መጀመሪያ ማረጋገጥ የወራትን ልፋት ያድናል። አሜሪካ ውስጥ ያሉት ኤጀንሲዎች የውጭ ዜጋ የሆነ አቅራቢን የግብር ፎርም ያስሞላሉ፤ አገሩ ከአሜሪካ ጋር የግብር ስምምነት ከሌለው ለአሜሪካ ደንበኞች ከሆነው ገቢው 30 በመቶ ይቆረጣል። በራሱ አገር ያለበት የገቢ ግብርም ከዚህ የተለየ ነው።

አንድ ነገር እዚህ መታወቅ አለበት፦ ስማቸው የተጠቀሰው ትልልቅ ኤጀንሲዎች አቅራቢ ለመሆን የመመዝገቢያ ክፍያ አይጠይቁም። ፎቶህን እንሸጥልሃለን ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው የሚኖረው ከፎቶው ገዢ አይደለም፣ ከፎቶ አንሺው ነው።

## ሐሳቤን ብቀይር ፎቶዬን መመለስ እችላለሁ?

ለአንድ ኤጀንሲ ብቻ ለማቅረብ ውል ያልገባ ሰው ያንኑ ፎቶ በብዙ ኤጀንሲዎች ሊያከራይ፣ በየኤጀንሲው ደንብ መሠረትም ከማንኛቸውም ሊያወጣ ይችላል። የብቸኝነት ውል የገባ ግን የተሻለ ድርሻ የሚያገኘው ይህን ነጻነት ሰጥቶ ነው፤ ለመውጣትም አስቀድሞ ማስታወቅ ይጠበቅበታል። በሁለቱም መንገድ ፎቶው የሚወጣው ከመደርደሪያው ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ፈቃድ የገዙት ሁሉ ፈቃዳቸው ጸንቶ ይቆያል። አንድ ፎቶ በ10 ሴንት የተፈቀደለት ድርጅት ፎቶው ከገበያ ከወጣ ከዓመታት በኋላም በብሮሹሩ ላይ ሊያትመው ይችላል፤ ባለቤቱም በመንገድ ሲያልፍ የራሱን ምስል በማያውቀው ማስታወቂያ ላይ ተሰቅሎ ቢያየው ተጨማሪ የሚጠይቀው ክፍያ የለም።